ለእህቴ የተጻፈ መረከቢያ

የምሠራው ፍርድ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ፣ ኤግዚቢት ክፍል ነው። ፖሊስ ለክስ ማስረጃ ብሎ የያዘው ዕቃ ሁሉ እኛ ዘንድ ይቀመጣል። ብስክሌት፣ ቢላዋ፣ ከነመቃኑ የተነቀለ በር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አራት ሰው ተሸክሞት የገባ ባለመስታወት ቁም ሳጥን። ዕቃው ሲገባም ሲወጣም መረከቢያ ይጻፋል። ሦስት ቅጂ አለው፤ ነጩን ተረካቢው ይወስዳል፣ ሮዙ ለአስረካቢው ይቀራል፣ ሰማያዊው ከጥራዙ አይገነጠልም። ዓይነት፣ ብዛት፣ መለያ ምልክት፣ ያለበት ሁኔታ። ከታች ሁለት ፊርማ።

አለቃዬን ጋሽ መነጽር እንላቸዋለን። አንዱ መነጽር ዓይናቸው ላይ፣ ሌላው ግንባራቸው ላይ ስለማይጠፋ ነው። ሥራ በጀመርኩ ቀን አንድ ጣሳና አንድ ብጣሽ ወረቀት ሰጥተውኝ "እስቲ ጻፊው" አሉኝ። "አንድ ጣሳ፣ ደህና" ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ቀደዱት።

"ደህና የሚባል ዕቃ የለም፣ ልጄ። ደህና ያንቺ ሐሳብ ነው። ያየሽውን ጻፊ።"

ደግሜ ጻፍኩ፤ "አንድ የቆርቆሮ ጣሳ፣ እጀታው የላላ፣ ከሥሩ የዛገ፣ ውኃ የሚይዝ።" ውኃ መያዙን ለማወቅ ቧንቧው ድረስ ሄጄ ሞልቼው ነበር። ጋሽ መነጽር ጥራዙን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ጻፍኩ። ሰው ፊት ስናገር ጉሮሮዬ ይዘጋል። እጄ ግን አያፍርም።

ታናሽ እህቴን ፌንጣ እንላታለን። ሌላው ተቀምጦ የሚጨርሰውን እሷ ዘልላ ነው የምትጨርሰው። ወላጆቻችን በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲያርፉ እሷ ስምንት፣ እኔ ሃያ አንድ ዓመታችን ነበር። ፍርድ ቤቱ ባለ አንድ ገጽ ውሳኔ ሰጠኝ፤ "ሕፃኗ ለአካለ መጠን እስክትደርስ በታላቅ እህቷ ጥበቃ ሥር ትሆናለች" የሚል። ወረቀቱን አጥፌ ከልብስ ሥር አስቀመጥኩት። እሷንም ጠበቅኳት፤ ጫማዋን አሰርኩ፣ ቅማሏን ለቀምኩ፣ የጥርስ ሕመሟን አብሬያት ታመምኩ።

አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሙያ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ሥራ ትማራለች። የተማሪዎቹ ማደሪያ ውኃ ካጣ ወር ሲሞላው ልጆቹ ፈተና አንቀመጥም አሉ። ፌንጣ ባዶ በርሜል ላይ ወጥታ "ውኃ ለከለከለን ላባችንን አንሰጥም!" አለች። በርሜሉን በተረከዟ ስትመታው ግቢው በሙሉ ሰማ ይላሉ። በማግስቱ በርሜሉ አጠገብ የቆሙት ልጆች አንድ በአንድ ይለቀሙ ጀመር።

በምሳ ሰዓት እኔ ጋ መጣች። ጋሽ መነጽር ወጥተው ነበር። ዳቦዋን ገና ሳትገምጥ ሃምሳ አለቃው ከኋላዋ ደረሰ። እናውቀዋለን፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ዕቃ ያመጣል፣ ዕቃ ይወስዳል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይቀልዳል። የሚፈርምበትን ግን አንድም ቀን አንብቦ አያውቅም። "አንቺ ከጻፍሽው ምን ቀረው፣ እቱ" ይለኛል።

"እቱ፣ ይቺን ልጅ ልወስዳት ነው" አለ ቆቡን አውልቆ። "አትደንግጪ። ለጥበቃ ነው።"

"ከምንድን ነው የምትጠብቁኝ?" አለች ፌንጣ። "ከውኃ ጥም?"

"ምላስሽን ሰብስቢ፣ አንቺ።"

"ሰብስቤው ነበር። በርሜሉ ላይ ተበተነብኝ።"

ልጮህ ይገባኝ ነበር፤ በሩን ልዘጋ፣ ክንዱን ልይዝ። የሠራሁት ግን ሌላ ነው። ከዚያ ክፍል አንድም ነገር ያለ መረከቢያ ወጥቶ አያውቅም። እጄ ጥራዙን ሳበና መጻፍ ጀመረ።

ዓይነት፦ እህት። ብዛት፦ አንድ። መለያ ምልክት፦ ግራ ቅንድቧ ላይ የቆየ ጠባሳ፣ ከመሰላል የወደቀችበት። ያለችበት ሁኔታ፦ ጥርሷ የተሟላ። አዲስ ቁስል የሌላት። ፀጉሯ ስምንት ጉንጉን የተሠራ። ሰማያዊ ሹራብ፣ አምስት ቁልፍ ያለው። ጥቁር ሸራ ጫማ፣ ሁለቱም ማሰሪያ ያላቸው። ስትጠየቅ ትመልሳለች፤ ሳትጠየቅም።

"ምነው እቱ፣ ዕቃ ናት እንዴ?" ብሎ ሳቀ ሃምሳ አለቃው። ግን የዘጠኝ ዓመት ልማድ የእሱንም እጅ ይዞታል። እየሳቀ ተረካቢ በሚለው ላይ ፈረመ፤ ነጩን ቅጂ አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። እኔ አስረካቢ በሚለው ላይ ፈረምኩ።

ፌንጣ ወረቀቱን አየችው። መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ከዚያ እኔን።

"ፈረምሽብኝ እንዴ፣ እታለም?"

ሄዱ። ዳቦዋ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

ወደ ጣቢያው ወዲያው ሄድኩ። የመዝገብ ክፍሉ ፖሊስ ጣቱን ከስም ወደ ስም እያወረደ እስከ ገጹ ግርጌ ደረሰ። የለችም አለ። በማግስቱ ሄድኩ፤ የለችም። በሦስተኛው ቀን እኔን ከሩቅ ሲያይ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ።

"እመቤት፣ ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ። እንዲህ ያለች ልጅ እኛ ጋ አልገባችም።"

ሃምሳ አለቃው ኤግዚቢት ክፍል ድርሽ ማለት አቆመ። ዕቃ የሚያመጣው ሌላ ሰው ሆነ። ሮዙ ቅጂ ደረቴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ለማንም አላሳየሁትም። ምን ብዬ ላሳይ? የራሴ ፊርማ አለበት። እህቷን በገዛ እጇ አስረክባ የፈረመች ሴት፣ ያን ፊርማ ይዛ ማን ፊት ትቆማለች?

በአምስተኛው ቀን ጋሽ መነጽር ሌላ ነገር ሲፈልጉ ጥራዙን ገለጡና ሰማያዊውን ቅጂ አገኙት። ቆመው አነበቡት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ሁለተኛ አነበቡት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አስረከብኳት፣ ጋሼ" አልኩና የያዝኩት እንባ ሁሉ አመለጠኝ።

እንባዬ እንዳይነካው ጥራዙን ገለል አደረጉት። ከዚያ "ሲወስዳት ምን አለ?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"ለጥበቃ ነው አለ።"

"ያንቺስ ወረቀት ምን ይላል? የዘጠኝ ዓመቱ?"

"በጥበቃዋ ሥር ትሆናለች ይላል።"

"አየሽ፣ ያው ቃል ነው" አሉ። "እኔ ወደዚህ ጉድጓድ ከመውረዴ በፊት እላይ ውሳኔ ገልባጭ ነበርኩ። ይህን ቃል ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አንዴ ደብሮኝ የመጣበትን ፈለግኩ። በጥንቱ ቋንቋ መጣበቅ ነው ነገሩ፤ እስር የሚባል ነገር አልነበረበትም። የሚጠብቅ ሰው ከሚጠብቀው አይላቀቅም፣ እንደ ሙጫ። ቀጥሎ የእርሻ ጠባቂው መጣ። አዝመራው ከተበላ ሌባው ብቻ አይደለም የሚጠየቀው፤ ጠባቂውም ይጠየቃል። ከዚያ ቁጭ ብሎ መጠበቁ መጣ፤ የሚጠብቅ ምን ሥራ አለው፣ ይጠብቃል። ጠበቃም የዚያው ቤት ልጅ ነው። እስር የመጨረሻው ልጅ ነበር። ቤቱን ግን እሱ ወረሰው፤ ታላላቆቹን በረንዳ ላይ አስተኝቶ።"

"ታዲያ ይሄ ለእኔ ምን ይፈይድልኛል?"

"ምንም አይፈይድልሽም። ለቃል ማን ደንግጦ ያውቃል!" ጣታቸውን ሰማያዊው ቅጂ ላይ አሳረፉ። "የሚፈይድልሽ ይሄ ነው። አንቺ በሕግ ጠባቂዋ ነሽ። ጠባቂ ለጠባቂ አስረክቦ ተፈራርሟል። አስረካቢ ካለ ተረካቢ አለ። ከእንግዲህ 'የለችም' ማለት አይችሉም፣ ልጄ። 'ተረክበን ጠፋችብን' ነው ማለት የሚችሉት። እስቲ ይበሉት! አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።"

ሮዙን ቅጂ ከኪሴ አወጣሁት። አምስት ቀን ያቃጠለኝ ወረቀት ነው። የእኔን ፊርማ ብቻ ነበር ሳይ የከረምኩት፤ አጠገቡ ያለውን የእሱን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

ፊት ለፊቱ ስቆም የመዝገቡ ፖሊስ ራሱን ሊነቀንቅ ጀምሮ ነበር።

"እመቤት፣ ላም ባልዋለበት..."

"ላሟ እናንተ ጋ መዋሏን የፈረመ አለ" አልኩና ወረቀቱን በመካከላችን ባለው መስታወት ላይ ለጠፍኩት። አሳልፌ አልሰጠሁትም። አፍንጫውን አስጠግቶ አነበበ። ጣቱ እህት የሚለው ላይ ቆመች። ከዚያ ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ አልተመለሰም።

ከሰዓት በኋላ የአስተዳደር ኃላፊው ወደ ምድር ቤት ወረደ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እዚያ ሲመጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አቧራው ሱፉን እንዳይነካው እጆቹን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ቆመ።

"የመንግሥት ቅጽ ላይ ቀልደሻል አሉ።"

"አልቀለድኩም።"

"ሰው ዕቃ ነው? ይህ ስህተት ነው፤ ስህተት ይሰረዛል። ሮዙን አምጪ፣ ሦስቱ ቅጂ ይገናኝ፣ 'ተሰርዟል' የሚለው ማኅተም ይመታበት፣ ነገሩ እዚሁ ይቀራል።"

"ነጩስ?"

"ነጩ ተገኝቷል።"

ነጩ ከተገኘ ሃምሳ አለቃው አለ ማለት ነው። ሃምሳ አለቃው ካለ ፌንጣ አለች።

"ጥራዙን ይስጡኝ" አላቸው ኃላፊው ጋሽ መነጽርን።

"ጥራዝ ያለ ዳኛ ትእዛዝ ከክፍሉ አይወጣም" አሉ ጋሽ መነጽር፣ ቀና ሳይሉ። "ይህን ደንብ የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ያንብቡታ።"

ወደ እኔ ዞረ። "ሥራሽን ትወጂዋለሽ?"

"እወደዋለሁ። የማልሰርዘውም ለዚያ ነው።"

ማለቴን ያወቅኩት ካልኩት በኋላ ነው። ነገ ከቀትር በፊት ሮዙ ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ካልተገኘ ከሥራ እንደምታገድ ነግሮኝ ወጣ። ይህንኑ የሚል ደብዳቤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደረሰኝ። እንደ ልማዴ ስረከብ ሁኔታውን ጻፍኩ፦ "አንድ ደብዳቤ፣ ባለ አንድ ገጽ፣ ሁለት የፊደል ስህተት ያለበት።" ያመጣችው ጸሐፊ አፏን በእጇ ይዛ ሮጠች።

ማመልከቻዬን ያኑ ዕለት ጻፍኩ፤ ከሮዙ ቅጂና ከአሮጌው ውሳኔ ግልባጭ ጋር ወደ ላይ አወጣሁት። በማግስቱ፣ ቀትርም ሳይደርስ፣ ችሎት ፊት ቆምኩ።

ዳኛዋ ጉንፋን ይዟታል፤ በየመካከሉ አፍንጫዋን ትጠርጋለች። የፖሊስ ነገረ ፈጁ ረጅም ነው፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል።

"ክብርት ዳኛ፣ የቀረበው የዕቃ ቅጽ ነው" አለ። "ሰው በዕቃ ቅጽ አይያዝም።"

"እሺ" አለች ዳኛዋ። "በምን ቅጽ ተያዘች?"

"ይቅርታ?"

"የእሷን ቅጽ አልተቀበልክም። ያንተን አሳየኝ። ስትያዝ የጻፋችሁትን።"

ነገረ ፈጁ ፋይሉን ገለጠ። ደግሞ ገለጠ። አንድ ወረቀት አወጣና መልሶ ከተተው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሳለ።

ዳኛዋ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ፣ እህትሽን በዕቃ ቅጽ ለምን ጻፍሻት?"

ሁሉም እኔን ያያል። ጋሽ መነጽር ጥራዙን እንደ ሕፃን ታቅፈው በሩ ሥር ቆመዋል፤ ዳኛዋ አስመጥታቸው ነው። ያየሽውን ጻፊ፣ አልኩ በልቤ። ያየሁትን መናገርም እችል ይሆናል።

"ሃምሳ አለቃው ሌላ ቅጽ ስላልያዘ ነው" አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ወጣ ግን። "ዘጠኝ ዓመት በእኔ ጥበቃ ሥር ነበረች። በየትኛውም ቀን መጥታችሁ የት ናት፣ እንዴት ናት ብትሉኝ እመልስ ነበር። እነሱም እንደኔው እንዲመልሱ ነው የጻፍኩት። ለዕቃ የምንጠነቀቀውን ያህል እንኳን..."

"በቃ፣ ገብቶኛል" አለች ዳኛዋ። ሰማያዊውንና ሮዙን አጠገብ ላጠገብ አድርጋ አመሳከረች። ፊርማውን ለነገረ ፈጁ አሳየችው፤ የማን እንደሆነ ሳይወድ ተናገረ። ዳኛዋ ጽፋ ስትጨርስ አነበበችው፦ ልጅቱ ዛሬ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ በተረከቧት ቦታ፣ ላስረከበቻቸው ጠባቂ እንድትመለስ። ማኅተሙን ስትመታው ጠረጴዛው ላይ ያለው የውኃ ብርጭቆ ዘለለ።

ቀትር አለፈ። ዳኛዋ የመለሰችልኝን ሮዝ ቅጂ ለኃላፊው አላስረከብኩም።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ስምንት ከሩብ። ጋሽ መነጽር አንድ ቢላዋ ለአራተኛ ጊዜ ወለወሉ። ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ የእግር ድምፅ በደረጃው ወረደ፤ አንዱ ቡት ነው፣ ሌላው የሚንሸራተት። ፌንጣ በሩ ላይ ቆመች፤ ሃምሳ አለቃው ከኋላዋ።

ሄጄ ላቅፋት ስነሳ እጇን አነሳች፤ ቆይ እንደማለት። ቆየሁ።

"ይኸውልሽ፣ እቱ" አለ ሃምሳ አለቃው። ቆቡን አላወለቀም። ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ፤ ከጣቢያው ተጽፎ የመጣ ነው፣ "በደህና ሁኔታ ተረክቤአለሁ" ይላል። "ደህና ናት። እዚህ ጋ ብቻ ፈርሚልኝ።"

"ደህና የሚባል ነገር የለም" አልኩ።

ጋሽ መነጽር ቢላዋውን አስቀመጡ።

ጥራዙን ከፈትኩ፤ አዲስ ቅጠል። የድሮውን ሮዝ ቅጂ አጠገቡ ዘረጋሁና መስመር በመስመር አየኋት። ፀጉሯ ተፈትቶ ተቋጥሯል፤ ጉንጉን የለም። ሹራቡ ሦስት ቁልፍ ቀርቶታል። የቀኝ ጫማዋ ማሰሪያ የለውም፤ ሲንሸራተት የሰማሁት እሱን ነው። አንድ የፊት ጥርሷ ጫፉ ተሸርፏል። የግራ እጇ አንጓ ዙሪያውን ጠቁሯል። ሁሉንም ጻፍኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ከገባች ጀምሮ ቃል አልወጣትም።

"ፌንጣ" አልኳት።

ዝም።

"ፌንጣዬ። ይህን መስመር ምን ብዬ ልጻፈው?"

የተሸረፈውን ጥርሷን በምላሷ ዳሰሰች። ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋውን ሮዝ ወረቀት አየች፤ አጎንብሳ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ስምንት ጉንጉን፣ አምስት ቁልፍ። እጇ ወደ ቅንድቧ ጠባሳ ሄደ።

"ፈረምሽብኝ ብዬሽ ነበር" አለች በደረቀ ድምፅ።

"አዎ፣ ብለሽኛል።"

"የፈረምሽው ለእኔ ነው ለካ።" ከዚያ ሃምሳ አለቃውን በአገጯ አመለከተች። "እሱ ግን የፈረመውን እስካሁን አላነበበም። ምን እንደሚል በመኪና ሲያመጣኝ ጠየቅኩት። 'እህትሽ ናት እንጂ የምታውቀው' አለኝ።"

የመጨረሻውን መስመር ጻፍኩ፦ ስትጠየቅ ትመልሳለች፤ ሳትጠየቅም። ጥራዙን ወደ ሃምሳ አለቃው አዞርኩለት። ብዕሩን አነሳ፤ እጁ እንደ ልማዱ ወደ ታች፣ ወደ ፊርማው ቦታ ሄደ።

መዳፌን ፊርማው ቦታ ላይ አደረግኩ።

"አንብበው።"

"እቱ፣ ተይ እንጂ። ይህን ሁሉ ጽፈሽ እኔ ነኝ ነገ የምጠየቀው።"

"አዎ፣ አንተ ነህ።"

"ይህን ሁሉ ዓመት ተዋውቀን?"

"ዘጠኝ ዓመት። ዘጠኝ ዓመት ሳታነብ ፈረምክ። ዛሬ አንብበህ ትፈርማለህ።"

ወረቀቱን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ አራቀው። "ፊደሉ ደቀቀብኝ" አለ፤ እውነቱንም ይሆናል። ጋሽ መነጽር ግንባራቸው ላይ የከረመውን መነጽር አውርደው ሰጡት። ለምን ሁለት እንደሚይዙ ያን ቀን ገባኝ መሰለኝ። ሃምሳ አለቃው ቆቡን አወለቀ፣ መነጽሩን አጠለቀ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጀመረ።

"ጮክ ብለህ" አለች ፌንጣ። "ማደሪያው ድረስ አይሰማም።"

"ዓይነት፣ እህት" አለ። "ብዛት፣ አንድ።" ጥርሱ ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። አንጓው ላይ ሲደርስ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ፤ የእሷን እጅ አላየም፣ የራሱን ነው ያየው። እስከ መጨረሻ አነበበ። ፈረመ። በዝግታ፣ ሙሉ ስሙን።

እኔ ተረካቢ በሚለው ላይ ፈረምኩ፤ ያን ጊዜ አቀፍኳት። ሳሙና የራቀው ሽታ ነበራት። አፏን ጆሮዬ ላይ አድርጋ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ ተናገረች።

"ሰባት ነበርን፣ እታለም። ስድስቱ አሁንም እዚያው ናቸው። የነሱ መረከቢያ የለም።"

የታገድኩ ሰው ነኝ፤ የእህቴን ርክክብ ዳኛዋ አዝዛለች፣ ከዚያ ወዲያ ግን ጥራዙን መንካት አይገባኝም። ጋሽ መነጽር ግን የቀለም ብልቃጡን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ፤ በመጀመሪያው ቀን ጥራዙን እንደገፉልኝ። አዲስ ቅጠል ገለጥኩ።

"አንድ በአንድ ንገሪኝ" አልኳት። "ያየሽውን።"

"አንዱ ረጅም ነው፣ በግራ እጁ ይጽፋል። ሹራቡ ቡናማ፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ..."

እየጻፍኩ ቀና አልኩ። ሃምሳ አለቃው ሥራውን ጨርሷል፤ አሁን አስረካቢው እሱ ነውና ሮዙን ቅጂ ይዟል፣ በሩም ክፍት ነው።

"እነዚህንስ የተረከብካቸው አንተ ነህ?" አልኩት።

እጁ ወደ መነጽሩ ሄደ። ግን አላወለቀውም።